ፊት የሌለው ነጋዴ

ሻሸመኔን የሚያውቅ ሰው ከተማዋን ያቆማት ገበያና መንገድ መሆኑን አያጣውም። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሌና ከወላይታ የሚመጣው መንገደኛ እዚያ ይገናኛል። መቼም የእንዲህ ያለ ከተማ ልጅ ልብ ወለድ ሲያነብ ነጋዴን መፈለጉ አይቀርም። በብዛት የሚያገኘው ግን ባላባቱን፣ ቄሱንና ወታደሩን ነው።

የሚገርመው፣ አጀማመራችን እንዲህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የተንጠለጠለው በአንድ ነጋዴ ላይ ነው። ተማርኮ በባርነት የተሸጠውን የጦር አለቃ ነጋዴው በገንዘቡ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋህድ ባለውለታውን ፍለጋ ይወጣል፤ የመከራውም ጉዞ ከዚያ ይጀምራል። ታዲያ ያ ነጋዴ ምን ይሸጣል? በየትኛው ኬላ ቀረጥ ይከፍላል? ደራሲው ከቸርነቱ በቀር እምብዛም አላሳዩንም።

ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ራሳቸው ኋላ ኤርትራ ውስጥ ነግደዋል፤ የድሬዳዋ ነጋድራስም ሆነዋል። «ነጋድራስ» የሚለው ማዕረግ ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል። ጥንት የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነበር፤ ቅፍለቱን ይመራል፣ የተጣሉትን ይዳኛል፣ ከአገሩ ገዥ ጋር ይደራደራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ራሱ ቀራጭና ሹም ሆኖ ቁጭ አለ። «ልብ ወለድ ታሪክ» በታተመበት በዚያው ዓመት ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ለመሆኑ ትናንት በኬላ ደጅ ይጠና የነበረ ነጋዴ ዛሬ ኬላው የእርሱ ሲሆን የትናንት ጓደኞቹን በምን ዓይን ያያል?

ወደዚህ ጥያቄ ይበልጥ የተጠጋው ልብ ወለድ ሳይሆን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የአገር ውስጥ ኬላ ንግድን እንዴት እንደሚያንቀው፣ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገርም እንዴት እንደሚደኸይ ያስረዳል። ቀረጥ የማስከፈል ሹመት የነበረው ሰው ቀረጡን ሲከስስ! የድራማ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ከነትዕቢታቸው ከነፍርሃታቸው ሥለውልናል። ነጋድራሱ እንዲህ ያለ ሠዓሊ አላገኘም። ቀደምት ደራሲዎቻችን በአብዛኛው የቤተ ክህነት ትምህርት ያሳደጋቸው ናቸው፤ ንግዱ ደግሞ በአመዛኙ በሙስሊሙ እጅ የነበረ፣ በመኳንንቱም ዘንድ የተናቀ ሥራ ነበር። በቅርብ ያላዩትን፣ ቢያዩትም የናቁትን ሰው እንዴት አድርገው ይሣሉት?