አንድ ጉልበት፣ አንድ ኃይል

ዓይን የማይሞላ ካርድ ነው። በግራ ጥጉ ዋጋው 1፣ በቀኝ ጥጉ ኃይሉ 1። ጫን ብለው ሲያዩት የሚወጣው መመሪያም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፦ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ፣ ሥራ ላይ ሳይውል ለቀረው ለእያንዳንዱ ጉልበት፣ አንድ ኃይል ይጨምራል። ማርቭል ስናፕ የተባለውን የልዕለ ጀግኖች የካርድ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ሰንስፖት የሚሉት ይህንን ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድን ቦታ ከነጭራሹ የሚዘጉ፣ ቦታዎችን የሚያወድሙ፣ ከባላጋራ ጥቅል ካርድ የሚወስዱ አሉ። የእጅ ሥራ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ግን እኔ የማወጣለት ይህን ባለአንዱን ነው።

ለማያውቀው ሰው ጨዋታውን ባጭሩ ልንገር። ማርቭል ስናፕን የሠራው ሰከንድ ዲነር የተባለ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን የመራው ቀደም ሲል በብሊዛርድ የሃርትስቶን ዳይሬክተር የነበረው ቤን ብሮድ ነው። ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነበር። ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 12 ካርድ ይዘው ይገጥማሉ። መሐል ላይ ሦስት ቦታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ተጫዋች ከአራት ካርድ በላይ መደርደር አይችልም። ጨዋታው ስድስት ዙር ነው፤ ከሦስቱ ቦታዎች በሁለቱ ላይ የበለጠ ኃይል የሰበሰበ ያሸንፋል። በመጀመሪያው ዙር 1 ጉልበት ይሰጣል፣ በሁለተኛው 2፣ እንዲህ እያለ በስድስተኛው 6 ይደርሳል። ካርድ የሚወርደው በዚህ ጉልበት ነው። የተረፈው ለቀጣዩ ዙር አይሻገርም፤ በዙሩ መጨረሻ ይጠፋል። የሰንስፖት ነገር የሚጀምረው ከዚህች ሕግ ላይ ነው።

የአንድን ካርድ ዋጋ ለመመዘን መለኪያ ያስፈልጋል፤ ጨዋታው ደግሞ መለኪያውን ራሱ አስቀምጦታል። ሲወጣ ምንም ችሎታ የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑ ካርዶች ነበሩት። ሚስቲ ናይት በ1 ጉልበት 2 ኃይል፣ ሾከር በ2 ጉልበት 3፣ ሳይክሎፕስ በ3 ጉልበት 4፣ ዘ ቲንግ በ4 ጉልበት 6፣ አቦሚኔሽን በ5 ጉልበት 9፣ ሐልክ በ6 ጉልበት 12። (የስልክና የኮምፒውተር ጨዋታ ስለሆነ ቁጥሮቹ በየጊዜው ይነካካሉ፤ እኔ የምቆጥረው ሲወጣ በነበሩት ነው።) በዚህ መለኪያ ሰንስፖት ከሚስቲ ናይት አንድ ኃይል ያንሳል። ያቺ አንድ ኃይል የመመሪያው ክፍያ ናት። በጨዋታው ሂደት አንዲት ጉልበት ብቻ ቢተርፍ ከሚስቲ ናይት እኩል ይሆናል፤ ሁለት ቢተርፍ ይበልጣታል።

አሁን ወደ ጽንፉ እንሂድ። በመጀመሪያው ዙር ሰንስፖትን አውርዶ እስከ መጨረሻው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ምን ያገኛል? 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ሲደመሩ 20፤ ከራሱ 1 ጋር 21 ኃይል። በስድስቱ ዙር የሚሰጠው ጉልበትም ጠቅላላው 21 ነው። አንድ ለአንድ። ትልልቆቹ ካርዶች ግን በዚያው ጉልበት ከዚህ ይበልጣሉ፤ ሐልክ ለእያንዳንዱ ጉልበት ሁለት ኃይል ይሰጣል። የካርዱ ብልሃት እዚህ ጋ ነው። ክፍያው ሁለት ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ መቀመጥ ከመጫወት ይሻል ነበር፣ ጨዋታውም ይሞት ነበር። ክፍያው ባይኖር ደግሞ የተረፈው ጉልበት እንዲሁ ይባክናል። ሰንስፖት ድርቆሽን ያስታውሰኛል፤ እንጀራ ሲተርፍ ይደርቃል፣ ሲፈለግ ይፈተፈታል፣ ሞሰብ ሙሉ ትኩስ እንጀራ እያለ ግን ማንም ሆን ብሎ ድርቆሽ አይጋግርም።

ስለዚህ ካርዱን የሚመዝን ሰው 21 የምትለዋን ቁጥር ይርሳት። ትክክለኛው ጥያቄ፣ በደህና ጨዋታ ውስጥ ሳይፈለግ ስንት ይተርፋል የሚለው ነው። በሁለተኛው ዙር የሚወርድ ካርድ እጅ ላይ አልገባም እንበል፤ 2 ተረፈ። በአምስተኛው ዙር ያለው ባለ4 ብቻ ሆነ፤ 1 ተረፈ። ሌላው ዙር ሁሉ እስከ ጥጉ ተሠራበት። ሰንስፖት በ1 ጉልበት ገብቶ 4 ኃይል ሆኖ ጨረሰ፤ ያ ደግሞ ሦስት ጉልበት የሚጠይቀው የሳይክሎፕስ ልክ ነው። የያዘውም አንድ መደርደሪያ ብቻ ነው። ይህን ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ከአሥራ ሁለቱ መደርደሪያ አንዷን ይዞ፣ ያለ ተጨማሪ ካርድ፣ በተቀመጠበት ያድጋል።

በጣም የምወደው ግን ጊዜው ነው። ኃይሉ የሚጨምረው በዙሩ መጨረሻ፣ ካርዶች ሁሉ ከተገለጡ በኋላ ነው። ሻንግ ቺ የተባለው ካርድ፣ ጨዋታው ሲወጣ በነበረው መመሪያ፣ ሲገለጥ በዚያ ቦታ ያሉትን 9 እና ከዚያ በላይ ኃይል ያላቸውን የባላጋራ ካርዶች ያጠፋል፤ ብዙ የገዘፈ ካርድ አፈር ያስበላ ነው። ሰንስፖት በመጨረሻው ዙር ዋዜማ 8 ላይ ቆሞ ከሆነ ሻንግ ቺ ቢመጣም አያገኘውም፤ ከዚያ ዙሩ ሲዘጋ 6 ጉልበት ተርፎ ከሆነ 14 ይሆናል። ግዝፈቱ የሚመጣው ገዳዩ ካለፈ በኋላ ነው። በመመሪያው ላይ «ዙር መጨረሻ» የሚሉት ሁለት ቃላት ይህን ሁሉ ተሸክመዋል።

መድኃኒት የሌለው ካርድ ግን አይደለም፤ ቢሆንማ አላደንቀውም ነበር። ዋጋው እስከ መጨረሻው 1 ነው። 14 ኃይል ቢኖረውም ግንባሩ ላይ ያለችው 1 አትፋቅም። ኪልሞንገር ሲገለጥ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ባለ1 ካርዶች በሙሉ ያጠፋል፤ ኤሌክትራም በወረደችበት ቦታ ካሉት የባላጋራ ባለ1 ካርዶች አንዱን ትገድላለች። ተጫዋቹ በቦታው ያሉ ካርዶች እንዳይጠፉ የሚያደርገውን ካርድ፣ አርመርን፣ አጠገቡ ካላስቀመጠለት፣ የበርካታ ዙሮች ቁጠባ በአንድ ካርድ ይሄዳል።

ከሺ ሐልክ ጋር ሲጣመር ደግሞ ነገሩ ሌላ ይሆናል። እሷ በ6 ጉልበት 10 ኃይል ያላት ናት፤ ባለፈው ዙር ለተረፈው ለእያንዳንዱ ጉልበት ዋጋዋ በ1 ይቀንሳል። ያው የተረፈ ጉልበት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ማለት ነው። አምስተኛውን ዙር ባዶ ማሳለፍ ሰንስፖትን በ5 ያሳድጋል፣ ሺ ሐልክንም 1 ጉልበት ብቻ ያደርጋታል። በስድስተኛው ዙር እሷን በ1፣ አቦሚኔሽንን በቀሪው 5 ማውረድ ይቻላል። ሲደመር 5፣ 10 እና 9፦ 24 ኃይል። እነዚያኑ ሁለት ዙሮች በአቦሚኔሽንና በሐልክ የተጫወተ ሰው የሚያገኘው 21 ነው። ባለፈው ዙር ካርድ ካወረዱ የማይወርደው፣ 20 ኃይል ያለው ኢንፊኖትም የዚሁ ማኅበር አባል ነው፤ በሰንስፖት 5 ላይ ሲጨመር 25። ብቻውን ከሥራ በታች የሚከፍለው ካርድ፣ ጓደኛ ሲያገኝ ዝምታን ከሥራ በላይ ያስከፍላል።

ዝምታው ግን ይታያል። ሰንስፖት ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ አምስተኛው ዙር ባዶ ሲያልፍ ባላጋራው ሺ ሐልክ ወይም ኢንፊኖት እየመጣ መሆኑን ይጠረጥራል። በዚህ ጨዋታ መያዣ አለ፤ ከ1 ኪዩብ ጀምሮ፣ «ስናፕ» በተባለ ቁጥርና ጨዋታው እስከ መጨረሻው ሲሄድ እጥፍ እየሆነ እስከ 8 ይደርሳል። የጠረጠረ ሰው ሸሽቶ ትንሿን ሰጥቶ ይሄዳል። ብዙ ኃይል ተሰብስቦ ጥቂት ኪዩብ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ስለ ሰውዬውም አንድ ነገር ልበል። ሰንስፖት በኮሚክ መጽሐፉ ሮቤርቶ ዳ ኮስታ የሚባል ብራዚላዊ ወጣት ነው። ክሪስ ክሌርሞንትና ቦብ ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1982 ከኒው ሚውታንትስ ጋር ፈጠሩት። ኃይሉ የፀሐይን ጉልበት በሰውነቱ ስቦ ማጠራቀምና ወደ ጡንቻ መለወጥ ነው። ካርዱን የሠራው ሰው ይህን ታሪክ ወደ ሕግ ሲለውጠው ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ማንም ያልተጠቀመበት ጉልበት አለ፣ እሱ ይስበዋል። በብዙ ካርዶች ላይ ስሙን ቀይረው ሌላ ጀግና ቢጽፉበት ማንም አይነቃም። እዚህ ላይ ያንን ማድረግ ይከብዳል።

እንግዲህ ወደ ጥቅሉ ይግባ ወይስ አይግባ? በየዙሩ ጉልበቱን ሙጥጥ አድርጎ በሚጨርስ ጥቅል ውስጥ ትርፉ አነስተኛ ነው፤ ሚስቲ ናይት እንኳ ትሻላለች። በተጨማሪም ክዊክሲልቨር የተባለው ካርድ ከመጀመሪያው እጅ ላይ የመገኘት ዋስትና አለው፣ ሰንስፖት ግን የለውም። ጨዋታው በ3 ካርድ ይጀምራል፣ በየዙሩ አንድ ይሳባል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር እጅ ላይ የመገኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ዘግይቶ ሲመጣ ግን ጨርሶ አይሞትም፤ በወረደበት ዙር የተረፈውንም ይቆጥራልና በስድስተኛው ዙር ብቻውን ቢወርድ 6 ኃይል ነው። ውድ ካርዶች በበዙበት፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በሳሱበት ጥቅል ውስጥ ግን እኔ ከአሥራ ሁለቱ አስቀድሜ የምጽፈው እሱን ነው።