ካርታው የጎደለውን ነገረን፤ መድኃኒቱንስ?

ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ ብትሄዱ የፎገራን ጥቁር ዋልካ ታገኛላችሁ። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዝ ይበቅልበታል። በሌላ በኩል ወደ መራዊ ብትጓዙ የሜጫ ቀይ አፈር ይቀበላችኋል፤ ዝናብ ለዘመናት ያጠበው፣ ብዙ ቦታ አሲዳማ የሆነ። ታዲያ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማዳበሪያ ማዘዝ ለሁለት የተለያዩ በሽተኞች አንድ ክኒን እንደመስጠት አይሆንም? ለብዙ ዓመታት የነበረው ምክር ግን ይኸው ነበር፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት (ኢትዮሲስ) ይህን ለመቀየር ተነሳ። የአፈር ናሙና ከየወረዳው ተሰብስቦ ተመረመረ፣ ካርታ ተሠራ፣ የአማራ ክልልም የራሱ አትላስ ወጣለት። ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ እንደሚያንሱ ካርታው አሳየ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ማድነቅ ይገባል። ችግሩ ከካርታው ወደ ጆንያው ባለው መንገድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ላቦራቶሪ “አንሷል” ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ ሲጨመር ምርት አይጨምርም። ጨው ያነሰው ወጥ ሽንኩርት ቢጨመርበት አይጣፍጥም። በኋላ በአገሪቱ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎችም ምርቱን በዋናነት የሚወስኑት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መሆናቸውን ደጋግመው አሳይተዋል፤ የቦሮንና የዚንክ ጥቅም ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ሁለተኛ፣ እስቲ እናስላ። አንድ ኩንታል ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ይይዛል። እሱን የተካው ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ሰልፈር። ኩንታል በኩንታል የቀየረ ገበሬ ሰልፈር አገኘ፤ 8 ኪሎ ፎስፌት ግን አጣ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል። በዚህ ላይ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ብረትና አሉሚኒየም ፎስፎረሱን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ እዚያው አፈሩ ውስጥ ይታሰራል ማለት ነው። መፍትሔው ኖራ ነው፤ ግን ኖራ የሚፈለገው በኩንታል ሳይሆን ብዙ ጊዜ በቶን ነው፤ ማጓጓዣው ራሱ ዕዳ ነው። አሲዳማነቱ ካርታው ላይ አለ፤ ገበሬው ደጅ በብዛት የደረሰው ግን ጆንያው ነው።

ደግሞም የቀበሌ ካርታ የአንድን ቤተሰብ ማሳ ለይቶ አያይም። አመድና ፍግ የሚደፋበት ጓሮ ለምለም ነው፤ ራቅ ያለው ማሳ ግን ይራባል። ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ሲነድ፣ ገለባውን ከብት ሲበላው፣ ወደዚያ ማሳ የሚመለስ ነገር የለም። አፈሩ ያጣውን ብስባሽ የትኛውም ጆንያ አይመልስለትም።

ስለዚህ ካርታውን እንጣለው? በፍጹም! ካርታው ጥያቄ ማንሻ ይሁን፤ መልሱን ማሳው ይስጥ። እናንተም መሞከር ትችላላችሁ። ቤተሰቦቻችሁ ቀይ አፈር ላይ የሚያርሱ ከሆነ አራት እኩል መደቦች ለኩ፦ አንዱን ባዶ ተዉት፣ አንዱ ላይ ማዳበሪያ ብቻ፣ አንዱ ላይ ማዳበሪያና ኖራ፣ አንዱ ላይ ማዳበሪያና ኮምፖስት አድርጉ። ዘሩም የመዝሪያው ቀንም አንድ ይሁን። ሲታጨድ የየመደቡን ምርት ለብቻ መዝኑ። የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ በምን ላይ ቢወጣ እንደሚያዋጣ ሚዛኑ ፍንጭ ይሰጣችኋል።