አቶሳ ማራኪ ብትኖርስ?

ስለ ካንሰር ለሁሉም አንባቢ ከተጻፉ መጻሕፍት አንዱን ምረጥ ብትሉኝ፣ የሲድሃርታ ሙከርጂን «የሕመሞች ሁሉ ንጉሥ» እመርጣለሁ። ደራሲው ራሳቸው የካንሰር ሐኪም ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የካንሰርን ታሪክ ልክ እንደ አንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው የሚተርከው። ወፍራም ነው፣ ግን አይሰለችም።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ደስ የሚል የሐሳብ ጨዋታ አለ። አቶሳ የምትባል የፋርስ ንግሥት ከ2,500 ዓመት በፊት ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ነበር ይባላል። ደራሲው ይቺን ንግሥት ከዘመን ዘመን ያሻግሯታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ሐኪሞች ጡቷን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር ቆርጠው ያወጡላታል። ከዚያ ጨረሩ፣ ኬሞቴራፒው፣ ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን ይከተላሉ። ዘመኑ እየቀረበ ሲመጣ የመዳን ተስፋዋም ይጨምራል።

መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሳይንስ ወደፊት ይሄዳል። ጎንደር ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። አቶሳ የምትጓዘው በጊዜ ብቻ ነው፣ በቦታ አትጓዝም። እስቲ እኛ እናጓጉዛት። ዘመኑ ዛሬ ይሁን፣ አቶሳም ማራኪ ትኑር።

ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞቴራፒውንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታገኛለች። ጨረር ካስፈለጋትስ? ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ጨረር ደግሞ ባንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት በተከታታይ ይሰጣል። ስለዚህ የመኪናው፣ የማደሪያው፣ ቤት የቀሩት ልጆች ጉዳይ የሕክምናው አካል ሆነ ማለት ነው።

ወደ አዲሶቹ መድኃኒቶች እንምጣ። መጽሐፉ በደስታ ከሚተርካቸው አንዱ ትራስቱዙማብ ነው። አንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላያቸው ላይ ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን ይበዛባቸዋል። ፕሮቲኑ ሴሉን «ተባዛ» እያለ ያዛል። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ተጣብቆ ትእዛዙን ያግዳል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ፕሮቲን የሚበዛው ከአምስት ታማሚዎች በአንዷ ገደማ ነው። አቶሳ ከነዚያ መሆኗን ለማወቅ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በልዩ ምርመራ መታየት አለበት። ርካሹ ታሞክሲፌን እንኳ ለማን እንደሚጠቅም የሚለየው በእንዲህ ዓይነት ምርመራ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ቢመጣ እንኳ መርማሪው ባለሙያና የላቦራቶሪው ኬሚካል ከሌሉ ምን ዋጋ አለው?

ትራስቱዙማብ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው ግን በ2015፣ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ዝርዝር ውስጥ መግባት ደግሞ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መገኘት ማለት አይደለም። መጽሐፉ «መድኃኒቱ ተገኘ» ብሎ ምዕራፉን የሚዘጋበት ቦታ፣ ለማራኪዋ አቶሳ ታሪኩ የሚጀምርበት ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይሄ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ካር-ቲ የሚባል ሕክምና መጣ። የታማሚው የራሱ የመከላከያ ሴሎች ከደሙ ወጥተው፣ ካንሰሩን እንዲለዩ በጂን ተለውጠው ይመለሱለታል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈቅደው ዋጋው 475,000 ዶላር ነበር። በ2023 ሕንድ በአገሯ የተሠራውን ፈቀደች፣ ዋጋውም ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ሙከርጂም ቢሆኑ ይህንኑ ሕክምና ሕንድ ውስጥ በረከሰ ዋጋ ለማቅረብ ሌላ ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ናቸው። መጽሐፋቸው ያልጠየቀውን ጥያቄ በሥራቸው የጠየቁት ይመስለኛል።

ስለዚህ መጽሐፉን ፈልጉና አንብቡት። አቶሳ ጋ ስትደርሱ ግን በእያንዳንዱ ዘመን ላይ ቆም በሉና ጠይቁ፦ ይሄ ሕክምና በዚያን ጊዜ ጎንደር ነበረ ወይ? ካልነበረስ የጎደለው ምኑ ነው፦ መድኃኒቱ፣ ምርመራው፣ ባለሙያው ወይስ መንገዱ?