በራስ ችሎታ ማመንና የሒሳብ መልስን መመርመር

በራስ ችሎታ ማመን ሲባል፣ የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳብራራው፣ ሰው ስለ ጠቅላላ ማንነቱ ያለውን ግምት ሳይሆን ከፊቱ ያለውን አንድ የተወሰነ ሥራ እወጣዋለሁ ብሎ የማመኑን መጠን ያመለክታል፤ ስለሆነም ክፍልፋይ መደመርን የማይፈራ ተማሪ በዐረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ ሲቀርብለት እርሳሱን ሊያስቀምጥ ይችላል። ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ማለትም የተገኘው መልስ ለምን ሊታመን እንደሚገባው መመዘን፣ ከዚህ እምነት ጋር የሚዛመደው ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት በቀጥታ መንገድ አይደለም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ብሔራዊ ምዘና የ13 ዓመት ተማሪዎች፣ አንዱ አውቶቡስ 36 ሰው ቢይዝ 1128 ወታደሮችን ለማጓጓዝ ስንት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ ተጠይቀው ነበር። 70 በመቶ ያህሉ ማካፈሉን በትክክል ሠርተዋል፤ 32 ብለው የመለሱት ግን 23 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 29 በመቶው «31 ቀሪ 12» ብለው ጽፈው፣ 12 ወታደሮች መሳፈሪያ ማጣታቸውን ልብ ሳይሉ አልፈዋል። የጎደላቸው ስሌት አልነበረም፤ ምናልባትም ማካፈሉን እንችለዋለን የሚለው እምነታቸው ሙሉ መሆኑ ራሱ ወደ ጥያቄው ተመልሰው እንዳያዩ ሳያደርጋቸው አልቀረም።

ፈሪው ተማሪም ቢሆን የተሻለ አሳቢ አይደለም። ጥርጣሬው ከማስረጃ ስለማይነሣ፣ መምህሩ ፊቱን ትንሽ ሲያጠቁር ትክክለኛውን መልስ ሳይቀር ከደብተሩ ላይ ያጠፋል። ደፋሩ ፍርዱን ለስሌቱ ሕግ፣ ፈሪው ደግሞ ለመምህሩ አሳልፎ ይሰጣል፤ ሁለቱም ያልያዙት «መልሴን ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ» የሚለውን እምነት ነው።

ይህ እምነት «ጎበዝ!» በማለት ብቻ አይገነባም፤ ባንዱራም ከቃል ማበረታቻ ይልቅ ሠርቶ መወጣትን ዋነኛው የእምነት ምንጭ አድርጎታል። መልስን ማረጋገጥም እንዲሁ ተሠርቶ የሚለመድ ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ከአራቱ የመፍትሔ ደረጃዎች የመጨረሻው ያደረገው መለስ ብሎ ማየት ነው፤ በክፍል ውስጥ ግን ደወሉ ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሠዋው ይኸው ደረጃ ሲሆን፣ ምርጫ ማጥቆርን ብቻ የሚጠይቅ ፈተናም ለዚህ ድካም ነጥብ አይሰጥም። መምህሩ ከስሌት በፊት ግምት ቢያስጽፍ፣ መልሱንም በሌላ መንገድ ቢያስፈትሽ፣ ተማሪው የማረጋገጥ ሥራን ራሱ ሠርቶ ይወጣዋል። ከሁሉ በላይ «እንዴት አወቅህ?» የሚለው ጥያቄ ተማሪው ሲሳሳት ብቻ ከመጣ የስህተት ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው፣ መምህራን መልሱ ትክክል በሆነ ጊዜም ደጋግመው ሊጠይቁት ይገባል።