ተመሳሳይ ጂኖችን የመለየት ሙያ

በድንች ውስጥ በሽታን የሚለዩ ተቀባዮችን የሚሠሩ ጂኖች ቀድሞ ሲቆጠሩ 438 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች እነዚህን ጂኖች ብቻ ከዲኤንኤው ለቅሞ የሚያወጣ ዘዴ ይዘው ሲመለሱ 755 አገኙ። ድንቹ ያው ነው፤ ያመለጡት ጂኖችም ከጅምሩ እዚያው ነበሩ።

ለማምለጥ የሚመቻቸው አበዛዛቸው ነው። የዘር ሕዋስ ሲፈጠር ጥንድ ክሮሞሶሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ተመሳሳይ ጂኖች ጎን ለጎን ካሉ ልውውጡ ይዛነፍና አንዱ ክሮሞሶም ትርፍ ቅጂ ሲያገኝ ሌላው ይጎድልበታል። ይህ በብዙ ሺህ ትውልድ ሲደጋገም ጂኖቹ በአንድ ሰፈር ይከማቻሉ። አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን የሚገጣጥመው ኮምፒውተር ደግሞ መንትዮችን እንደ አንድ ሰው እንደሚመዘግብ የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ ሦስት ተመሳሳይ ቅጂዎችን አንድ ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ ፕሮግራሙ ያወጣለትን ዝርዝር እንደ ረቂቅ ነው የሚያየው። እያንዳንዱ ጂን የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ መሐሉ ተሰብሮ እንደሆነም በዓይኑ ይመረምራል። አድካሚ ነው፤ አቋራጭም የለውም። ቻይኒዝ ስፕሪንግ በተባለው ስንዴ ከተገኙት 3,400 ያህል የእነዚህ ጂኖች ሥፍራዎች ያልተሰበሩና ሕዋሱ የሚያነባቸው መሆናቸው የተረጋገጠው 1,560 ናቸው። የቀሩትንም ቢሆን መጣል ስህተት ነው፤ የተሰበረ ቅጂ ለጎረቤቱ ቁራጭ ሊያውስ ይችላል።

ሁሉም ተቀባይ እንዲህ አይባዛም። ኤፍኤልኤስ2 የሚባለው ተቀባይ፣ ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጅራፍ ፕሮቲን ይለያል። ባክቴሪያው ያን ክፍል እንዳሻው መለወጥ ስለማይችል ተቀባዩም ብዙ ቅጂ አላስፈለገውም።

የስንዴ በሽታ የሆነው የዋግ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ተቀባዩ የሚለየውን ክፍል ለውጦ ሊያመልጥ ይችላል።

ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግንም፣ ዩጂ99 የሚባለውን የግንድ ዋግም ስለተቋቋመ በኢትዮጵያ በሰፊው ተዘራ። የግንድ ዋግ መከላከያው ግን በዋናነት በአንድ ጂን ላይ ያረፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከዩጂ99 የተለየ የግንድ ዋግ ዓይነት ባሌና አርሲ ገብቶ ማሳውን አጠፋ። ጥፋቱ የዝርያው አልነበረም፤ አንድ ጂን ይህን ያህል ማሳ እንዲጠብቅ መታመኑ ነበር።

አዳቃዮች አሁን ጂኖችን ይደራርባሉ፤ ለዚህም እያንዳንዱ ጂን ከመሳዮቹ ተለይቶ መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሥራ አምስት ፀረ ዋግ ጂኖች በስንዴ ውስጥ በአንድ ሥፍራ ተሰልፈው ገብተዋል። አራቱ ከተቀባዮቹ ቤተሰብ ናቸው፤ አምስተኛው ግን ስኳር አመላላሽ ፕሮቲን የሚሠራ ነው።