ዳገቱን እየዞሩ መውጣት
ኬፕ ታውን ውስጥ ያለው የላየንስ ሄድ ተራራ ከፍታው 669 ሜትር ብቻ ነው። ጎረቤቱ ቴብል ማውንቴን ከ1,000 ሜትር ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮም በኬብል ካር ይወጣል። ታዲያ በእግር ዳገት መቧጠጥ ምን ይባላል? ኬብሉ እይታውን ባንዴ ዘርግፎት ያርፋል፤ የላየንስ ሄድ መንገድ ግን ተራራውን እየተጠመጠመ ስለሚወጣ አትላንቲክን፣ ከተማውንና ወደቡን በየተራ ያሳያል። ማንዴላ 18 ዓመት የታሰሩባት ሮበን ደሴትም ባሕሩ ላይ ጠፍጣፋ ሆና ትታያለች፤ ምን ያህል ቅርብ እንደነበረች ሲያዩት ይገርማል። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ዓለቱ ላይ ሰንሰለትና የብረት መሰላል ተተክሏል፤ እዚያ እጅ ከእግር እኩል ይሠራል፣ ወሬም ይቆማል። አደገኛ ነው የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ሰንሰለቱን ለሚፈራ ግን ማለፊያ መንገድ አለው። ሰው ይበዛበታል የሚለው ወቀሳም እውነት ነው፣ በተለይ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ምሽት። ማልዶ መውጣት ይሻላል፤ ነፋሱ ከበረታ ግን ይመለሱ።