ስለ ቀረጥና ስለ ታማኝነት

ወጣቶች ሆይ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሳትሰሙ አላደጋችሁም። ከዚህ ተረት ጋር በብዕሩ ከታገሉት አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በስዊድን ሚሲዮን ተምሮ፥ በአውሮፓም ትምህርቱን አስፍቶ፥ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆነ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ግን በ1911 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ነገሩን ከሥሩ መመርመሩ ነው። ነጋዴ በየኬላው እየቆመ ሲቀረጥ ንግዱ እንደሚደክም፥ አገርም እንደሚደኸይ ያስረዳል። እኔም ከዚህ የተማርሁት፥ ኬላው በበዛ ቁጥር የሚዘረጋው እጅም እንደሚበዛ ነው። ሹሙን «አትስረቅ» ብሎ መምከር መልካም ነው፤ የሚሰርቅበትን በር መዝጋት ግን ከምክር ይበልጣል።

ይህ ነገር ለእኛ ለአሶሳ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ግብራቸውን በወርቅ ይከፍሉ ነበር። ዛሬም ሰዋችን ወርቅ ያወጣል፤ የኩርሙክም ድንበር ቅርብ ነው። ጉቦ የተቀበለ ሹም ዓይኑን ጨፍኖ የሚያሳልፈው ወርቅ፥ ለተማሪ ወንበር፥ ለበሽተኛም መድኃኒት ሊሆን ይችል ነበር።

ነገር ግን መጽሐፉ አንድ ጉድለት ያለበት ይመስለኛል። አብዝቶ የሚናገረው ለገዢው ነው፤ ለከፋዩ የሚለው ጥቂት ነው። ጉቦ ግን ያለ ሰጪ አይቆምም። ደረሰኝ ላለመቀበል ዋጋ የሚያስቀንስ ገዢም ከበደሉ ድርሻ አለው።

የሕዳሴውን ግድብ ተመልከቱ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ሥራው ሲጀመር፥ እኛ መምህራን ከደመወዛችን እያስቀነስን ቦንድ ገዛን። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሕዝቡ ፍሬውን ሊያይ ተስፋ ስላደረገ በፈቃዱ ሰጠ። ያም ሆኖ ፍቅር ብቻውን አልበቃም፤ ሥራው ስለ ዘገየ በ2010 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ድርሻ ተነጥቆ ለሌሎች ተሰጠ። ስለዚህ ለሚወደድ ሥራ የሚሰጥ ገንዘብ እንኳ ተቆጣጣሪ ያሻዋል፤ በየቀኑ የሚሰበሰብ ቀረጥማ እንዴት አብልጦ አያሻው!

እንግዲህ መጽሐፉን አንብቡት፤ ጉድለቱንም በሥራችሁ ሙሉት። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ጠይቁ፤ የተከፈለው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለም ጠይቁ። የመጀመሪያው ግዴታችሁ፥ ሁለተኛው መብታችሁ ነው።